የሞጣ መብራት

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የጆሮ ማዳመጫ ይዛልኝ መጣች። ጫጫታ የሚያጠፋ ነው አለችኝ። ባሕር ዳር ያለው ቤቴ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ያን ሰዓት ዝናቡ እየቀጠቀጠው ስለነበር እርስ በርስ ለመሰማማት እንጯጯሃለን። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጋ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ዝናቡ ጠፋ። ውኃው በመስኮቱ ሲወርድ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን የለም። ልጅቱ የሆነ ነገር ብላኝ ሳቀች፤ የከንፈሯን መንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማኋትም። አውልቄ ሰጠኋት።

"አልወደድሽውም?" አለችኝ።

"ጥሩ ነው፤ ተባረኪ" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼው ነው። ጭር ያለ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ አምኜ፣ በወጣትነቴ በአንድ ሰው ላይ በደል ሠርቻለሁ። ለእህቴ ልጅ ያልነገርኳትን ለአንባቢ ልንገር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሞባይል ወደኛ አገር ከመድረሱ በፊት፣ ቢቸና ላይ ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሬዲዮ ጥገና ተመርቄ አንድ የጤና ፕሮጀክት ቀጥሮኝ ነበር። ፕሮጀክቱ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ በተለይ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ጤና ኬላዎች ነበሩት። መኪና ከደጋው ጫፍ አያልፍም፤ ከዚያ በታች ያለው መንገድ የበቅሎና የእግር ነው። በየኬላው አንድ የእጅ ሬዲዮ ሰጥተናል። በሽተኛ ሲጠናባቸው በሬዲዮ ይጠሩናል፣ መኪናው እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዶ ይጠብቃል፣ ሰው በቃሬዛ በሽተኛውን ተሸክሞ ያወጣል። ሥራው ይኸው ነበር።

ችግሩ ቆላው ገደላገደል መሆኑ ነው። የእጅ ሬዲዮ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ኬላ ላይ የተነገረ ነገር አንዳንዴ ለቢቸናው ኮረብታ ይሰማል፣ አንዳንዴ ለሞጣው። ስለዚህ ሁለት መቀበያ ተከልን፤ አንዱ ከቢቸና ቢሮአችን በላይ ካለው ኮረብታ ላይ፣ ሌላው ሞጣ አጠገብ። የሞጣው መቀበያ የሰማውን በሌላ ሬዲዮ፣ ማስተላለፊያ በምንለው፣ ወደ ቢቸና ይልካል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ "መራጩ" የምንለው ሳጥን ነበር። መራጩ ሁለቱንም አብሮ ያዳምጥና ከንግግሩ ሥር ሽሽ የሚለው የሬዲዮ ጫጫታ፣ እኛ ሹክሹክታ የምንለው፣ ያነሰበትን፣ ማለት የጠራውን፣ መርጦ ለእኛ ያሰማል። ሳጥኑ ፊት ላይ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ነበሩ፤ በአንደኛው ሥር "ቢቸና"፣ በሌላው ሥር "ሞጣ" ብዬ በእጄ ጽፌ ለጥፌያለሁ። የተመረጠው ይበራል።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ የሚበራው የሞጣው ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ጌትነት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ፈጣን ልጅ ነው፣ "መሪጌታ ኮረብታቸውን በጸሎት ነው መሰለኝ የሚያሠሩት" እያለ ይቀልድ ነበር። መሪጌታ እንዳለ የሚባሉት የሞጣው መቀበያ ጠባቂ ናቸው። ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸው የማይቆሽሽ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ለቅኔ ቤት ሲዞሩ ኖረው፣ በኋላ ዓይናቸው ደከም ብሎባቸው ከማኅሌት የቀሩ ናቸው። ሥራቸው ባትሪውን ማየት፣ የፀሐይ መሙያውን አቧራ መጥረግ፣ ከብትና ሰው እንዳይነካው መጠበቅ ነው። መነጋገሪያ የላቸውም። መስማት ይችላሉ፣ መልስ መስጠት አይችሉም።

አንድ የታኅሣሥ ዓርብ፣ ገበሬው ጤፉን እየወቃ ሳለ፣ የሬዲዮ ሠራተኛችን ምሳ ሊበላ ወጣና እኔ ቦታውን ያዝኩ። ከደብረ ወርቅ በታች ካለው ኬላ ነርስ ይታይሽ ጠራች። የሞጣ መብራት በራ። ድምፁ ጭር ያለ ነው፤ ሹክሹክታ የሚባል የለውም። ቃሉ ግን ትራስ ታፍኖበት የሚወጣ ይመስላል። "ደም" የሚል የሰማሁ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እህል ውኃ አይልም። ኬላዎቹ በዚያ ሰሞን የወባ ምርመራ የደም ናሙና ያሰባስቡ ስለነበር፣ ስለ ናሙናው ይሆናል አልኩ። "ይታይሽ፣ ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችው። አሁንም ያው። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ድምፅዋ ተቋረጠ፤ ባትሪዋ አልቆ ነበር። በመዝገቡ ላይ "ስለ ደም ናሙና፣ ያልተሟላ" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው በበቅሎ ደረሰ። ይታይሽ የጠራችን ለእርሱ ሚስት ነበር፤ ምጥ ላይ ሳለች ደም ሲፈስሳት፣ መኪና ይመጣል ብለው አፋፉ ላይ እስኪመሽ ጠብቀው፣ በመጨረሻ በቃሬዛ ደብረ ወርቅ ድረስ ተሸክመዋታል። እርሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ሰውየው አልጮኸም። "ነርሷ ሦስት ጊዜ ነግራችኋለች። ቆሜ ሰምቻለሁ" ነው ያለው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ማን መነጋገሪያው ላይ እንደነበረ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው ጥርጣሬው የመጣው። ዛሬ ሳስበው ጥርጣሬ ጥፋት ካለበት ልብ ቶሎ ይበቅላል። ጌትነት መዝገቡን አገላብጦ፣ "ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሞጣ የሚበራው?" አለ። "ይታይሽ እኮ ለቢቸና ነው የምትቀርበው።" ትክክል ነበር። ከዚያም ቀጠለ፦ ፕሮጀክቱ ከሁለቱ መቀበያዎች ብዙ የማያገለግለውን ሊዘጋ እያሰበ መሆኑን መሪጌታ ያውቃሉ፤ ቢዘጋ እንጀራቸው ይቀራል፤ መሣሪያውን ነካክተው የራሳቸው እንዲመረጥ አድርገው ቢሆንስ? "ሂጂ፣ ለኪው። እሳቸውንም እያየሽ" አለኝ።

እኔም በደስታ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ሌላ ሰው ላይ ቢገኝ ያን የበቅሎ ሰው ፊት እረሳዋለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ነው የሄድኩት። የደብረ ወርቅ መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ የሁላችንም ቅንድብ በአቧራ ሸብቶ ነበር። በቀኝ በኩል ዓባይ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ እንደ ሌላ አገር ሆኖ ይታያል። መንገድ ላይ የሽምብራ እሸት ገዝቼ እየፈለፈልኩ ሞጣ ደረስኩ።

መሪጌታ ከኮረብታው ሥር ወርደው ተቀበሉኝ። የመለኪያ ሳጥኔን ሊሸከሙልኝ ፈለጉ፤ አልሰጠኋቸውም። "ከባድ አይደለም፣ ይተዉት" አልኳቸው፤ እውነቱ ግን እንዳይነኩት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ይታይሽ ከኬላዋ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና አንድ ወጥ ፉጨት ታሰማለች፤ በመርፌው አነባለሁ። ቀጥሎ ቁልፉን ሳትለቅ ዝም ትላለች፤ ያኔ የሚቀረው ሹክሹክታው ብቻ ነው፤ እሱንም አነባለሁ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዬ ድምፁ ከጫጫታው ስንት እጅ እንደሚበልጥ አገኛለሁ። ጌትነትም በተመሳሳይ ደቂቃ ቢቸና ሆኖ ከሞጣ የሚደርሰውን ይለካል። መቀበያው ባለበት ጎጆ ውስጥ ያገኘሁት ቁጥር መጥፎ ነበር፤ ድምፁ በሹክሹክታ ተውጧል። ወደ ከተማ ወርጄ ስልክ ብደውል ጌትነት "እኔ ጋ ጫጫታ የሚባል የለም፣ ወተት ነው!" አለኝ።

አንድ ድምፅ ከጎጆው ሲነሣ ቆሻሻ፣ ቢቸና ሲደርስ ንጹሕ። በመካከል ያሉት መሪጌታ ብቻ ናቸው አልኩ።

ተመልሼ ጎጆውን ፈተሽኩ። የመቀበያው ክዳን አንዱ ብሎን ላይ አዲስ ጭረት አለ። ከባትሪው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ደብተር አገኘሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የኬላ ስም፤ ከያንዳንዱ ትይዩ አንድ ቃል፦ ፀሐይ፣ ደመና፣ ካፊያ፣ ዝናብ። ገጽ በገጽ። ያ ሁሉ ዝናብ የተጻፈው ጠብታ በማይወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

"ይኸ ምንድን ነው መሪጌታ?"

"የድምፁ ዓይነት ነው። ሹክሹክታው ሲበዛ ዝናብ እለዋለሁ፣ ሲያንስ ካፊያ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጊዜ ማሳለፊያዬ ነው።"

ያችን ዓርብ ፈልጌ አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ "ይታይሽ። ዝናብ። ደም እየፈሰሳት ነው፣ መኪና ላኩ ብላለች። ስልክ ቤት ወረድኩ፣ መስመር የለም።"

"እኛ ያልሰማነውን እርስዎ እንዴት ሰሙ?"

"በጆሮ ማዳመጫው ነዋ። ዝናብ ውስጥ ነበር፣ ግን ቃሉ ይሰማል።"

"እኛም የሰማነው ከዚህ ከእርስዎ የሚመጣውን ነው። ቢቸና ላይ ጭር ያለ ነው፣ ቃሉ ግን የለም።"

"እኔም እኮ የምጠይቅሽ እሱን ነው፤ እኔ ጋ ዝናብ የሆነው እናንተ ጋ ሲደርስ በምን ይደርቃል?" አሉኝ።

የጎጃም ልጅ ስለሆንኩ ቅኔ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። የቅኔ ሰው ደግሞ ዝናብና ድርቅ ሲል ዝናብና ድርቅ ማለቱ አይደለም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ወርቁን ስፈልግ አደርኩ፤ ማላገጥ ነው? ዛቻ ነው? እሳቸው ግን ሰሙንም ወርቁንም አንድ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ግልጽ ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ። መልሱን ብፈልግ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

በማግስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ስለካ ሁለት ሰዎች ኮረብታውን ወጥተው መጡ። አንደኛው የቀበሌ ሰው ነው። ምርጫ እየተቃረበ ስለነበር በየቦታው ሰው ሰውን በጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነው።

"ድምፅ ልትቆጥሪ መጣሽ አሉ" አለኝ።

"የምለካው የሬዲዮ ድምፅ ነው።"

"ይኸ ሳጥንስ?"

"ይኸ መለኪያ ነው። መራጩ ሳጥን ያለው ቢቸና ነው።" ያልኩት ነገር የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"መራጩ ሳጥን!" አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። "ሰማህ? ምርጫው ሳይደርስ መራጩ ሳጥን ቢቸና ተቀምጧል!"

መለኪያዬን ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ መሪጌታ በመካከላችን ገቡ። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት፤ "ወንድሜ፣ ድምፅ ሁለት ነው። አንዱ ከኮሮጆ ይወጣል፣ አንዱ ከጉሮሮ። ይቺ ልጅ የመጣችው ለጉሮሮው ነው።"

"ዋስ ይሆኗታል?"

"እሆናለሁ።"

በወረቀት ላይ አስፈረማቸው። አይናቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠግተው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ በተዋበ የቁም ጽሕፈት ፈረሙልኝ። ሰዎቹ ሄዱ። መሪጌታ ምንም እንዳልሆነ በሶ በጥብጠው አመጡልኝ፤ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ቢቸና ተመልሼ ሪፖርቱን ጻፍኩ። "ባለሙያ ያልሆነ ሰው መሣሪያውን የነካካ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች ተገኝተዋል" የሚል ነው። ብሎኑን፣ ደብተሩን፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጠቀስኩ። የታኅሣሧን ዓርብም ጠቀስኩ፤ መነጋገሪያው ላይ ማን እንደነበረ ግን አልጻፍኩም። መሪጌታ በሳምንቱ ከሥራ ታገዱ፤ ሌላ ጠባቂ ተቀጠረና ከባትሪው በቀር ምንም እንዳይነካ ተነገረው። የሞጣ መብራት ግን እንደበራ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጌትነት "አበላሽተውት ስለሄዱ ነው" አለ። በሁለተኛው እኔ ራሴ አልኩት። በሦስተኛው ግን እንቅልፍ አጣሁ። መቀበያውን በሌላ ቀየርነው፣ ያው ነው። አንድ ቀን ቢሮው ባዶ ሲሆን ይታይሽን በሬዲዮ ጠርቼ ያችን የታኅሣሥ ንግግር ቃል በቃል እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ። መጀመሪያ መራጩን አልፌ፣ ከኮረብታችን በቀጥታ ሽቦ የሚመጣውን ሰማሁ። ሹክሹክታ አለው፤ በመሪጌታ አነጋገር ካፊያ ነው፤ ቃሉ ግን አንድም ሳይቀር ይሰማል፦ "ደም እየፈሰሳት ነው፣ መኪና ላኩ።" ቀጥሎ ከሞጣ የሚመጣውን ከፈትኩ። ጭር ያለ ነው። "ደም እየ… አት ነው…" "ፈ" የለችም። "ሰ" የለችም፤ ቀሪውም ታፍኖ ይዋጣል።

ቀስ ብሎ ገባኝ። ሹክሹክታም "ሰ" እና "ፈ"ም የሚኖሩት በቀጭኑ የድምፅ ክፍል ውስጥ ነው። ማስተላለፊያው ያን ቀጭን ክፍል ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሹክሹክታው ከነፊደሎቹ አብሮ ይቀራል። መራጩ ደግሞ የሚፈርደው ሹክሹክታውን ብቻ አይቶ ነው። እዚያ ምንም ሲያጣ "ይኸ ንጹሕ ነው" ብሎ የሞጣውን መብራት ያበራል። ጆሮ የለውም፤ ቃሉ መኖሩን አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ማስተላለፊያውን ከመጋዘን አውጥቼ የተከልኩት ራሴ ነበርኩ፤ የቀድሞውን በክረምቱ መብረቅ ሲመታው፣ መስከረም መጨረሻ ላይ። ለሌላ ሥራ የተሠራ ጠባብ ዓይነት መሆኑ ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር። ብሎኑ ላይ የነበረው ጭረት ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

መሪጌታ ደብረ ወርቅ እህታቸው ዘንድ ናቸው ተባልኩ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ስደርስ ግቢው ውስጥ ካለ ወይራ ሥር ተቀምጠው ለሁለት ተማሪዎች ቅኔ ያስቆጥራሉ፤ ሲያዩኝ ተማሪዎቹን አሰናበቱ። እህታቸው የሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝ፤ ሳልነካው መናገር ጀመርኩ።

"መሪጌታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጋገሪያው ላይ የነበርኩት እኔ መሆኔን ጭምር። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ያቺ ሴት ደኅና ናት?" አሉኝ መጨረሻ ላይ።

"ደኅና ናት።"

"ያን ሪፖርት ስትጽፊ ለስንት ቦታ ግልባጭ አደረግሽ?" አሉኝ።

"ለሦስት።"

"እንግዲያው ይኸንንም ለሦስት።"

ቢቸና ተመልሼ ጻፍኩ። ጌትነት አንብቦት፣ "እሳቸው ይመለሱ፣ ጥሩ። የራስሽን ስም ግን ምን አስገባው? ማስተላለፊያው ተበላሸ ማለት ይበቃል" አለኝ። እንዲያ ብሎ ማለፍ በጣም አምሮኝ ነበር። ግን ያ የበቅሎው ሰው ታየኝና እንዳለ ላክሁት፤ ለሦስቱም ቦታ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከዚያም ይታይሽን ይዤ ወደ ሰውየው ቤት ወረድኩ፤ ያልኩትንና የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

መሪጌታ በሚያዝያ ወደ ሞጣ ጎጆ ተመለሱ። አዲሱን ማስተላለፊያ ልተክል ስሄድ ከኮረብታው ሥር ወርደው ተቀበሉኝ።

"እንዴት ሰነበቱ?" አሉኝ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን አንቱ! "ምነው መሪጌታ፣ አንቺ ይበሉኝ እንጂ" አልኳቸው።

"ዋስ የሆንኩት ለልጅ ነበር" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ። "ለባለሙያ አክብሮት ይበቃል።"

ሞባይል መጥቶ ጎጆው እስኪፈርስ ድረስ፣ ለዓመታት አብረን ሠራን። ደብተራቸውን እየተቀበልኩ ከቁጥሬ ጋር አስተያየው ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። አንቱታውን ግን እስከሚያርፉ አላነሡልኝም።

አሁን ሃምሳን አልፌያለሁ። የጥገና ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ወጣቶች በባልደረባቸው ላይ የጻፉትን ሪፖርት ይዘው ይመጣሉ፤ ምልክት፣ ቁጥር፣ ፎቶግራፍ፣ ሁሉ የተሟላ ነው። እኔም ከማንበቤ በፊት፣ "ነገሩ የሆነ ቀን አንተ የት ነበርክ?" እላለሁ። አብዛኞቹ ይቆጣሉ። አንዳንዶቹ አሮጊቷ ጃጀች ብለው እንደሚያሙኝም አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዕድሜዬ ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እኔም በጣም እቆጣ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።